ልጆቻችን ይጦሩናል ስንል የትኛዋ ልጅ ናት?

ከደብዳቤዎቻችሁ

«ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 52 ዓመቴ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በረዳት ነርስነት እሠራለሁ። ባለቤቴ 58 ዓመቱ ነው፤ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ድርጅት ተቆጣጣሪ ነው። ስኳር አለበት፤ በኪኒን ይዞታል። እናቴን ከ9 ዓመት በፊት በግሪን ካርድ አመጣኋት፤ አሁን 79 ዓመቷ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ መርሳት ጀምራለች። ምድጃ ለኩሳ ትተዋለች፤ ሌሊት ተነሥታ ነጠላዋን ለብሳ ‹ቤቴ ልሂድ› ትላለች። እሷን ለመጠበቅ ስል የሙሉ ጊዜ ሥራዬን ትቼ በሳምንት ሦስት ሌሊት ብቻ እሠራለሁ። ሁለት ወንድሞች አሉኝ፤ አንዱ ሲያትል፣ አንዱ ዳላስ። ይደውላሉ፤ ለበዓል ገንዘብ ይልካሉ።

በቅርቡ በቤተ ክርስቲያን የምናውቀው የኢንሹራንስ ሻጭ ለእኔና ለባለቤቴ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ እንድንገባ መከረን። ለሁለታችን በወር 430 ዶላር ነው። አርጅተን ወይም ታመን ራሳችንን መርዳት ሲያቅተን፣ ለሚጦረን ሰው ወይም ለመጦሪያ ቤት ለእያንዳንዳችን በቀን 150 ዶላር ለሦስት ዓመት ይከፍላል፤ መጠኑም በየዓመቱ በ3 በመቶ ያድጋል። ባለቤቴ ተቆጣ። ‹ልጆች ያሉን ለምንድን ነው? ቆመን እየሄድን በራሳችን ላይ ማሟረት ነው፤ ለነገሩ ጡረታ ስንወጣ አገራችን እንገባለን› አለኝ። የሁለታችን ገቢ በዓመት 112,000 ዶላር ነው። ቤታችን የ13 ዓመት ዕዳ ይቀረዋል፤ የጡረታ ቁጠባችን 210,000 ዶላር ገደማ ነው። ወንዱ ልጃችን 23 ዓመቱ ነው፣ ሥራ ይዟል፤ ሴቷ 19 ዓመቷ ነው፣ ኮሌጅ ናት። ሻጩ ቅዳሜ መጥቼ ላስፈርማችሁ ብሏል። ለእናቴስ መግዛት እችላለሁ?

ግራ የገባት እህት»

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ፤ መልሱ አጭር ነውና። ለእናትዎ መግዛት አይችሉም። ኩባንያዎቹ ውል ከመግባታቸው በፊት የጤና ታሪክ ይጠይቃሉ፣ የሐኪም መዝገብ ያስመጣሉ፣ የማስታወስ ችሎታን ይፈትሻሉ። የመርሳት ሕመም መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ የሚሸጥልዎ አያገኙም። ደብቆ መሞከርም አያዋጣም፤ ኋላ ክፍያ ሲጠየቅ የጤና ታሪኩ ይመረመርና ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ የእናትዎ ጉዳይና የእናንተ ጉዳይ በአንድ መፍትሔ አይፈቱም። የእናትዎን አስቀድማለሁ፤ የእሳቸው ጊዜ አይሰጥም።

ሜዲኬር፣ ማለትም መንግሥት ለአረጋውያን ያዘጋጀው የጤና ኢንሹራንስ፣ ይሸፍናቸዋል ብለው ተስፋ አያድርጉ። ሜዲኬር የሐኪምና የሆስፒታል ወጪ ይከፍላል እንጂ አጠገባቸው ሆኖ የሚያጥባቸውን፣ የሚያበላቸውን፣ ሌሊት የሚጠብቃቸውን ሰው አይቀጥርም። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ለማገገም ወደ መጦሪያ ቤት ቢዛወሩ እስከ 100 ቀን ድረስ ይሸፍናል፤ እሱም ቢሆን ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ታካሚው ድርሻውን እየከፈለ ነው። በሥራ ቦታዎ «ሜዲኬር አለቀ» ሲባል ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲደነግጥ አይተው ያውቁ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚከፍለው ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት እርዳታ ነው፤ ሜዲኬይድ ደግሞ የሚሰጠው ለደሃ ነው። በሜሪላንድ ለብቸኛ ሰው የሚፈቀደው ጥሪት 2,500 ዶላር ነው፤ በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ 2,000።

«እናቴ ምን አላትና?» ይሉ ይሆናል። ዋሳቸው ግን እርስዎ ነዎት። ሲያመጧቸው የፈረሙት የዋስትና ሰነድ እናትዎ ዜግነት እስኪያገኙ ወይም 40 ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ያህል) የሥራ ዘመን እስኪቆጠርላቸው ድረስ ይጸናል። በዚህ ምክንያት ለሜዲኬይድ ሲያመለክቱ የእርስዎ ገቢ እንደ እናትዎ ገቢ ሊቆጠርና ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ዜግነት ነው። እንግሊዝኛ የማያውቁ፣ ያውም የሚረሱ ሰው እንዴት ይፈተናሉ እንዳይሉኝ፤ ሐኪም ኤን-648 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ ሕመሙ ቋንቋውንና የታሪክ ጥያቄዎቹን ለማጥናት እንደማያስችላቸው ካስረዳ፣ ከፈተናው ነጻ ሊሆኑ ይችላሉ። ትርጉሙን መረዳት ለማይችል ሰው ቃለ መሐላው እንኳን የሚቀርበት ሥርዓት አለ። ቅጹ በጥንቃቄ ካልተሞላ ስለሚመለስ ጉዳዩን የሚያውቅ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይያዙ።

ለምርመራው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እርስዎ ራስዎ አያስተርጉሙ፤ ልጅ ሲያስተረጉም የእናቱን መልስ ያሳምራል። ደግሞ እናትዎ «ዓመቱ ስንት ነው?» ተብለው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቢመልሱ በእኛ አቆጣጠር ትክክል ናቸው፤ ሐኪሙ ግን ስህተት ብሎ ነጥብ ይቀንስባቸዋል። እውነተኛውን መርሳት ከዘመን አቆጣጠር የሚለይለት ሰው አጠገባቸው መኖር አለበት።

ሌላው በዚህ ወር መደረግ ያለበት ውክልና ነው። እናትዎ አሁንም አእምሯቸው የሚጠራባቸው ሰዓታት ካሏቸው፣ በጠበቃ ፊት የገንዘብ ውክልናና የሕክምና ውሳኔ ውክልና ይስጡዎ። ሰው የሚፈርመውን መረዳት ካቃተው በኋላ ውክልና መስጠት አይችልም፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት መጠየቅ ነው። ወራት ያስጠብቃል፤ የጠበቃውም ሂሳብ ቀላል አይደለም። ከዚያ ሜሪላንድ አክሰስ ፖይንት ወደሚባለው የአካባቢዎ ቢሮ ይደውሉ። በቤት ውስጥ ለሚሰጥ እንክብካቤ የሚከፍለው የሜዲኬይድ ፕሮግራም ወረፋው በዓመታት የሚቆጠር ስለሆነ፣ የዜግነቱ ጉዳይ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ስማቸውን ያስመዝግቡ። ቤተሰብን ቀጥሮ የሚከፍል ፕሮግራም ስላለ፣ እናትዎን እየጠበቁ ደመወዝ የሚያገኙበት መንገድ እንዳለም እዚያው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ።

ባለቤትዎ ያሉት ያደጉበትን ነው። እኛ ያደግንበት ቤት ውስጥ ሽማግሌ አያት ቢታመሙ አንድ ሰው አልነበረም የሚይዛቸው። አክስት ነበረች፣ የአጎት ልጅ ነበር፣ ከገጠር የመጣች ዘመድ ነበረች፣ ጎረቤት ቡና ይዛ ትገባ ነበር። ሸክሙ ብዙ ትከሻ ላይ ስለሚከፋፈል ማንም ሥራውን ጥሎ ሲቀመጥ አላየንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ያ ሁሉ ሰው የለም። ባልና ሚስት ፈረቃ እየተቀባበሉ ቁልፍ ብቻ የሚለዋወጡበት ቤት ነው ያለው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ። «ልጆች ያሉን ለምንድን ነው?» ሲሉ፣ በዓይነ ኅሊናቸው የሚታያቸው የትኛው ልጅ ነው? የ23 ዓመቱ ልጃቸው የአባቱን ሰውነት ሲያጥብ፣ የሌሊት ልብሱን ሲቀይር ይታያቸዋል? ወይስ የ19 ዓመቷ? መልሱን ሳይናገሩት ያውቁታል፤ ቤታቸው ውስጥ እያዩት ነውና። እናትዎ ሦስት ልጆች ወልደዋል። ሥራዋን የቀነሰችው አንዷ ናት። ወንድሞችዎ ጨካኞች ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ እርስዎም ጭምር። ሴት ልጅ ካለች ነገሩ ሳይነጋገሩበት በእሷ ይጸናል።

ዋጋውም ዛሬ የማይታይ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የመንግሥት ጡረታው፣ የሚሰላው ሰው ከፍተኛ ገቢ ባገኘባቸው 35 ዓመታት ነው። ዘግይቶ አሜሪካ ለገባ ሰው 35 ዓመት መሙላት ራሱ ከባድ ነው፤ ያልተሞላው ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባል። እርስዎ በሳምንት ሦስት ሌሊት ብቻ የሠሩበት እያንዳንዱ ዓመት የራስዎን ጡረታ ይቀንሳል። ጡረታዎ ሲቀንስ እርስዎን የመጦሩ ሸክም በልጅዎ ላይ ይጨምራል፤ እሷም በተራዋ ሥራዋን ትቀንሳለች። ይህ ኢንሹራንስ የሚገዛው ለእርስዎና ለባለቤትዎ ነው ብዬ አላምንም። የሚገዛው ለልጅዎ ነው። ለባለቤትዎ በዚህ መንገድ ቢነግሯቸው የተሻለ ይሰሙዎታል ብዬ እገምታለሁ፤ አባት ለራሱ የማያወጣውን ለሴት ልጁ ያወጣል።

ስለ ሟርቱ ደግሞ፦ የዕድር አባል ናችሁ ብዬ ልገምት። አስከሬን አገር ቤት ለማድረስ፣ ለቀብርና ለሐዘንተኛ መቀበያ በየወሩ ሲዋጣ ማንም «ለምን ታሟርታላችሁ?» አላለም። ለቀብራችን ያለ ፍርሃት ተዋጥተን ተዘጋጅተናል። ከቀብሩ በፊት ስላሉት ዓመታት ግን ስብሰባ ጠርተን አናውቅም። እነዚያ ዓመታት ደግሞ ጥቂት አይደሉም። የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ግምት እንደሚለው 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ከአሥሩ ሰባቱ ያህል በሆነ ጊዜ የሰው እገዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ሴቶች በአማካይ ለ3.7 ዓመት፣ ወንዶች ለ2.2 ዓመት።

ወደ ገንዘቡ እንግባ። ጄንዎርዝ በተባለው ኩባንያ የ2024 የዋጋ ጥናት መሠረት በመጦሪያ ቤት የግል ክፍል አገር አቀፍ መካከለኛ ዋጋው በዓመት 127,750 ዶላር ነበር፤ ከሁለታችሁ የዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ረዳት ሠራተኛ ቤት ድረስ ማስመጣት በሰዓት 34 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ለሠራተኛዋ የሚደርሳት ስንት እንደሆነ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። በዚህ ዋጋ፣ ሻጩ ያቀረበላችሁ የቀን 150 ዶላር የሚገዛው በቀን አራት ሰዓት ከትንሽ የሰው እጅ ነው። የመጦሪያ ቤቱን ክፍል ከግማሽ በታች ነው የሚሸፍነው። ይህን በግልጽ የምነግርዎት ሻጩ ስለማይነግርዎት ነው። ነገር ግን አራት ሰዓት ትንሽ አይደለም። እርስዎ ዛሬ በየቀኑ አራት ሰዓት የሚያሳርፍዎ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር?

ውሉ የሚከፍለው መቼ ነው የሚለውን ለእርስዎ ማስረዳት ቀላል ነው፤ በየፈረቃው መዝገብ ላይ የሚሞሏቸው ስድስቱ ነገሮች ናቸው። መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር። በ1996 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት የታክስ ጥቅም ባለው ውል፣ ባለውሉ ከስድስቱ ሁለቱን ያለ ሰው እገዛ መሥራት ካልቻለና ይህም ቢያንስ 90 ቀን እንደሚቆይ የጤና ባለሙያ ካረጋገጠ፣ ወይም አእምሮው ታውኮ ያለ ጠባቂ መተው አደገኛ ከሆነ፣ መብቱ ይጀምራል። የእናትዎ ዓይነት ሁኔታ በሁለተኛው ይገባል፤ እየሄዱ፣ እየበሉ፣ ግን ምድጃ እየለኮሱ። ከዚያ የመጠበቂያ ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ 90 ቀን ሲሆን ያን ጊዜ ወጪው ከራሳችሁ ኪስ ነው። ኩባንያው 90ውን የሚቆጥረው በካላንደር ነው ወይስ ሠራተኛ ከፍላችሁ ያስመጣችሁበትን ቀን ብቻ እየለየ? በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሰው የምታስመጡ ከሆነ ሁለተኛው አቆጣጠር 90ውን ቀን ወደ ሰባት ወር ይለጥጠዋል።

የዚህ ኢንሹራንስ ታሪክ የሚያኮራ አይደለም። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሸጡ ኩባንያዎች ሂሳባቸውን ስተው ነበር። ብዙ ሰው ከፍሎ ከፍሎ ያቋርጣል ብለው አሰቡ፤ ሰው አላቋረጠም። ባለውሎቹ ከታሰበው በላይ ብዙ ዓመት እንክብካቤ ፈለጉ፤ ወለድም ወረደ። ከዚያ ዋጋ መጨመር ጀመሩ፤ በ70 እና በ80 ዓመታቸው ክፍያው በእጥፍ ያደገባቸው ሰዎች አሉ። ፔን ትሪቲ የተባለው ኩባንያ በ2017 በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲፈርስ ተደረገ። አንድ ጊዜ ከመቶ በላይ የነበሩት ሻጭ ኩባንያዎች ዛሬ ደርዘን ቢሆኑ ነው። ለፌዴራል ሠራተኞች የተዘጋጀው ፕሮግራም እንኳን ከታኅሣሥ ወር 2022 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁሟል። የዛሬዎቹ ውሎች ከድሮዎቹ በተሻለ ጥንቃቄ የተተመኑ ናቸው፤ ቢሆንም 430 ዶላሩ ለዘላለም 430 ሆኖ ይቀጥላል ብሎ የሚምልልዎ ሰው ካለ አያምኑት። ኩባንያው ክፍለ ግዛቱን አስፈቅዶ ሊጨምር ይችላል።

ለሁሉም ሰው አልመክረውም። ጥሪት የሌለውና በኪራይ የሚኖር ሰው ይህን መግዛት የለበትም፤ ለእሱ ሜዲኬይድ አለለት። ብዙ ያለው ሰው ከኪሱ ይከፍላል። የሚጎዳው መካከል ላይ ያለው ነው፤ እንደ እናንተ። 210,000 ዶላሩ ሜዲኬይድ ለማግኘት ይበዛል፤ የሁለት ዓመት መጦሪያ ቤት ለመክፈል አይበቃም። በ1988 የወጣ ሕግ አንዱ ሲታመም ሌላኛው ቤቱንና የተወሰነ ቁጠባ ይዞ እንዲቀር ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሁለተኛውም ካለፈ በኋላ ክፍለ ግዛቱ ያወጣውን ከቤቱ ላይ ይጠይቃል። ሃያና ሠላሳ ዓመት የከፈላችሁበት ቤት እንደዚያ ይሄዳል።

የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ክፍያው ከገቢ 7 በመቶ በላይ ከሆነ አቅም ላይኖር ይችላል ይላል። የእናንተ 5 በመቶ እንኳን አይሞላም፤ ዛሬ። ጡረታ ስትወጡ ገቢው ይወርዳል፤ ክፍያው ግን ይቀጥላል። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ግዙ፤ ግን አነስ አድርጋችሁ፣ በጡረታ ገቢም የምትችሉትን ያህል። መቀነስ ካለበት ሦስቱን ዓመት ወደ ሁለት አውርዱት እንጂ የ3 በመቶውን ዕድገት አትንኩ። በዚያ ዕድገት 150 ዶላሩ ከ24 ዓመት በኋላ ከ300 ትንሽ ያልፋል፤ ያለ እሱ እርስዎ 76 ዓመት ሲሆንዎ 150 ዶላር ምን ይገዛል? ባለቤትዎ ደግሞ ስኳሩ በኪኒን እያለ ያመልክቱ። ወደ ኢንሱሊን ከተሸጋገረ ወይም ኩላሊትና ዓይን ከነካ ኩባንያው አይቀበላቸውም፤ ወይም ዋጋው ሌላ ይሆናል።

ሁለቱን መክፈል ካልቻላችሁ የማን ይገዛ? የእርስዎ። ባለቤትዎ ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ሂሳቡ ግን የሚያወላዳ አይደለም። ስድስት ዓመት ይበልጡዎታል፤ ሴትም ከወንድ ትቆያለች። እሳቸው ቢታመሙ እርስዎ አሉ፤ ያውም ሙያው ያለዎት። እርስዎ ሲታመሙ ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል? ኩባንያዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው ሴትን ከወንድ አብልጠው የሚያስከፍሉት።

ቅዳሜ አይፈርሙ። ሻጩ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያን መተዋወቅ ግን ውል አይደለም፣ እሱም ከሽያጩ ኮሚሽን ያገኛል። ይምጣ፣ ቡና ይጠጣ፣ ያቀረበውን በጽሑፍ ትቶ ይሂድ። ከሌሎች ሁለት ኩባንያዎችም ዋጋ ይጠይቁ። ሺፕ የሚባለው የክፍለ ግዛቱ የምክር አገልግሎት በነጻ ያማክራል፤ የሚሸጠው ነገር የለውም። ሻጩን በቀጥታ የምትጠይቁት ይህን ነው፤ ኩባንያው ላለፉት ውሎቹ ስንት ጊዜ ዋጋ ጨምሯል? ውሉ በሜሪላንድ የፓርትነርሺፕ ፕሮግራም ውስጥ ነው? ከሆነ፣ ኢንሹራንሱ የከፈለላችሁን ያህል ጥሪት ይዛችሁ ኋላ ሜዲኬይድ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ለእናንተ ዓይነት ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሕይወት ኢንሹራንስ ጋር የተጣመረ ዓይነትም ያቀርብላችሁ ይሆናል፤ ክፍያው ብዙ ጊዜ አይጨምርም፣ ካልተጠቀማችሁበትም ለልጆች ይተርፋል፤ መጀመሪያ ላይ ግን የሚፈልገው ገንዘብ ብዙ ነው፣ ለእናንተ አይመስለኝም። በመጨረሻ፣ ክፍያ ሲቋረጥ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ሦስተኛ ሰው ማስመዝገብ ይቻላል፤ የልጃችሁን ስም አስገቡ። የመርሳት ሕመም የጀመረው ሰው ቀድሞ ከሚረሳቸው ነገሮች አንዱ ሂሳብ መክፈል ነው፤ 20 ዓመት የተከፈለበት ውል በሁለት ወር ዝምታ ሊሰረዝ ይችላል።

አገር ቤት ስለ መግባት፦ መጥፎ ሐሳብ ነው አልልም። አዲስ አበባ ላይ ሠራተኛ መቅጠር ይቻላል፤ ዜጋ ከሆናችሁ ሶሻል ሴኩሪቲውም ይከተላችኋል። ሜዲኬር ግን ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሕክምና አይከፍልም፤ ኢንሹራንሱም ብዙ ጊዜ ወይ አይከፍልም ወይ በጥቂቱ ይወስናል፤ ይህንንም ሻጩን ይጠይቁት። ከሁሉ በላይ ልጆቻችሁ ሜሪላንድ ናቸው። ባለቤትዎ ስኳራቸው ሲበረታ ወደ ልጆቻቸው መመለስ አይፈልጉም ብለው ያስባሉ? እቅዱ ይኑር፤ ግን ኢንሹራንስ ላለመግባት ሰበብ አይሁን።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ የእኛን ሰው በተለይ የሚያጠምድ ነገር አለ። ሜዲኬይድ ለመጦሪያ ቤት ሲጠየቅ ወደ ኋላ 60 ወር ይመረምራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተሰጠ ስጦታ፣ ለልጅ በስም የተዛወረ ቤት፣ አዲስ አበባ ላለ እህት ወንድም የተላከ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሁሉ ይቆጠርና እንደ ገንዘቡ መጠን ለተወሰነ ጊዜ እርዳታው ይከለከላል። አገር ቤት በዘመድ ስም የተሠራ ቤትም ጥያቄ ያስነሣል። «ቤቱን በልጄ ስም አድርጌ ሜዲኬይድ እገባለሁ» የሚል ምክር ከሰሙ፣ የአረጋውያን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያማክሩ አንድ ወረቀት እንዳይፈርሙ።

የሚቀረው ወንድሞችዎ ናቸው። ሲያትል ያለው ለራሱ ትንሽ ጅምር አለው። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከጁላይ 2023 ጀምሮ ከሠራተኛው ደመወዝ ከመቶ ዶላር 58 ሳንቲም እየቆረጠ የእንክብካቤ ፈንድ አቋቁሟል፤ በ2024 ሕዝቡ በፈቃደኝነት ይሁን የሚለውን ሐሳብ በድምፁ ጥሎታል። መብቱን ላሟላ ሰው እስከ 36,500 ዶላር እንዲሰጥ የተደነገገው ከጁላይ 2026 ጀምሮ ነው። ለእናታችሁ አይሆንም፤ እዚያ ሠርተው አልከፈሉም። እናትዎን በየተራ ወደ ሲያትልና ዳላስ ማመላለስም አልመክርም፤ ቦታ ሲቀያየርባቸው መርሳቱ ይበረታል፣ ሜዲኬይዱም ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት አይዛወርም።

ከወንድሞችዎ የሚጠየቀው ወርኃዊ ገንዘብ ነው። በዚያው የ2024 ጥናት የአረጋውያን የቀን መዋያ አገር አቀፍ መካከለኛ ዋጋው በቀን 100 ዶላር ገደማ ነበር። እያንዳንዳቸው በወር 400 ዶላር ቢልኩ፣ እናትዎ በሳምንት ሁለት ቀን ያህል መዋያ ይውላሉ፤ እርስዎም በእነዚያ ሁለት ቀናት ይተኛሉ ወይም ፈረቃ ይጨምራሉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስልክ ላይ ያግኟቸው፤ ለየብቻ ከሆነ አንዱ በሌላው ያመካኛል። የቀነሱትን የደመወዝ መጠን በዶላር ይንገሯቸው፤ ምናልባት እስካሁን አያውቁትም። የተስማማችሁበትን በጽሑፍ አድርጉት፤ የሚጀመርበትንም ወር ጻፉበት።